ስክራቡን ማን ያጥበው? የት? በምን?
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም ስለ እጅ መታጠብ ከጻፍኩ ወዲህ የሚደርሱኝ ጥያቄዎች ወደ ልብስ ዞረዋል። ነርሶች ጽፈዋል፣ አዋላጆች ጽፈዋል፣ የሐኪም ልብስ የሚያጥቡ እናት ሳይቀሩ ጽፈዋል። ደስ ብሎኛል። ዓመታት ኦፕሬሽን ክፍል ውስጥ በነርስነት ስለሠራሁ ጉዳዩ የራሴም ነው። ስለ መርፌና ስለ ጓንት ብዙ ሥልጠና እንወስዳለን፣ ስለለበስነው ስክራብ፣ ማለትም ሐኪምና ነርስ ሥራ ላይ ስለሚለብሱት ልብስ ግን የሚነግረን ሰው የለም ማለት ይቻላል። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ ሐዋሳ የምሠራ አዋላጅ ነርስ ነኝ። ሆስፒታላችን ላውንደሪ አለው፣ ግን የሚያጥበው አንሶላና የኦፕሬሽን ጨርቅ ብቻ ነው። ስክራባችንን ቤት ወስደን ነው የምናጥበው። ማሽን የለኝም። ቤት ውስጥ የሁለት ዓመት ልጅ አለችኝ። በእጅ ታጥቦ በእርግጥ ንጹሕ ይሆናል?

መልስ፦ ይሆናል እህቴ። ማሽን የለኝም ብለሽ አትጨነቂ። በደንብ ያልተሠራበት ማሽን በደንብ ከሠራ እጅ አይበልጥም።

ሥራው የሚጀምረው ግን ቤት ሳይሆን ሆስፒታል ነው። ስክራቡን እዚያው አውልቂው። ለብሰሽው ባጃጅ ውስጥ አትግቢ። ውጩን ወደ ውስጥ ገልብጠሽ ጠቅልይና ፌስታል ውስጥ ክተሽ ቋጥሪው። ከመጠቅለልሽ በፊት ኪሶቹን በሙሉ ፈትሺ። የመርፌ ክዳን፣ የተሰበረ የመድኃኒት አምፑል፣ የእምብርት ማሰሪያ፣ ምኑ ቅጡ፣ ከአዋላጅ ኪስ የማይወጣ ነገር የለም። ቤት ስትደርሺ ልብሱን አታራግፊው፣ አልጋ ላይም አታስቀምጪው። ከፌስታሉ በቀጥታ ሳፋው ውስጥ ይግባ። ሳፋው ደግሞ ለስክራብ ብቻ የተለየ ይሁን። ልጅሽን የምታጥቢበት፣ ሽንኩርትና ድንች የምትዘፈዝፊበት ሳፋ በፍጹም አይሁን።

በደም ወይም በእንሽርት ውኃ የራሰ ስክራብ ግን ቤትሽ መምጣት የለበትም። አንሶላ የሚያጥብ ላውንደሪ ያንን ስክራብም ማጠብ ይችላል። ብቻሽን ከጠየቅሽ «ይቺ ደግሞ ምን ሆነች» ሊሉሽ ይችላሉ። ስለዚህ የክፍሉ አዋላጆች በሙሉ አንድ ላይ ጻፉ፣ ደብዳቤው ለኢንፌክሽን መከላከል ኃላፊው ይድረስ። ቢያንስ ደም የነካው እዚያው እንዲቀር ጠይቁ። ይህ የቅንጦት ጥያቄ አይደለም።

አሁን ወደ እጥበቱ። ትንሽ የደም ጠብታ ካለበት መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውኃ። ሙቅ ውኃ ደሙን እንደ እንቁላል ያበስለዋል፣ ከዚያ በኋላ ክሩን ይዞ አይለቅም። ቀዝቃዛው ውኃ ቀይ መሆኑ እስኪቆም ቀያይሪው። ቀጥሎ በኦሞ ወይም በልብስ ሳሙና እሺው። ብብቱን፣ የእጁን ጫፍ፣ ሆድ አካባቢ ያለውን፣ ኪሱን በተለይ። ሳሙናው ቆሻሻውን ካላነሳ ከዚያ በኋላ የምታደርጊው ሁሉ ግማሽ ሥራ ይሆናል፣ ምክንያቱም በረኪና ቆሻሻና ቅባት ላይ ጉልበቱን ይጨርሳል።

ከዚህ በኋላ ጀርሙን የምትገድይበት ሁለት መንገድ አለሽ፣ ሙቀት ወይም በረኪና።

ሙቀት ስል ለብ ያለ ውኃ ማለቴ አይደለም። የእንግሊዝ ብሔራዊ የጤና አገልግሎት ለሠራተኞቹ ያወጣው መመሪያ በ60 ዲግሪ ለ10 ደቂቃ የታጠበ ልብስ ላይ ያሉት ተህዋስያን ከሞላ ጎደል ሁሉም ይወገዳሉ ይላል። የአሜሪካው የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል፣ ሲዲሲ፣ ለሆስፒታል ላውንደሪ የሚያስቀምጠው ደግሞ 71 ዲግሪና ቢያንስ 25 ደቂቃ ነው። 60 ዲግሪ ውኃ እጅ በሰከንዶች ውስጥ ያቃጥላል። እጅሽ የሚችለው ውኃ ጀርም የሚገድል አይደለም ማለት ነው። ስለዚህ ከታጠበ በኋላ መቀቀል ነው ያለው። እናቶቻችን የሽንት ጨርቅ ሲቀቅሉ ያደርጉት የነበረውን ማለቴ ነው። ብረት ድስት ወይም ጎላ ውስጥ ውኃ አፍልተሽ ልብሱን ክተቺው፣ በእንጨት እያገላበጥሽ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይቆይ። ከፍታ ላይ ስለምንኖር ውኃችን 100 ሳይደርስ ይፈላል። ሐዋሳ 94 ገደማ፣ አዲስ አበባ ደግሞ 92 ገደማ ነው። ለዚህ ሥራ ይተርፋል። ልጅሽ ግን እሳቱ አጠገብ እንዳትደርስ።

የሚለጠጥ ጨርቅ የተቀላቀለበት አዲሱ ዓይነት ስክራብ መቀቀልን አይወድም፣ ይጨማደዳል፣ ላስቲኩም ይሞታል። ለእሱ የልብሱ ምልክት ከፈቀደ በረኪናውን ተጠቀሚ። ጠርሙሱ ላይ 5 በመቶ የሚል በረኪና ከሆነ ለ10 ሊትር ውኃ 100 ሚሊ ሊትር ትጨምሪያለሽ። 0.05 በመቶ ይሆናል። የታጠበውንና የተለቀለቀውን ልብስ ሙሉ በሙሉ ውስጡ አጥልቀሽ 30 ደቂቃ ጠብቂ፣ ከዚያ በብዙ ውኃ አለቅልቂው። ቀለሙ ቀስ በቀስ መንጣቱ አይቀርም፣ እሱን ቻዪው። ለዕቃና ለወለል የምንጠቀምበት 0.5 በመቶ የሚባለው አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውኃ ለልብስ ይበዛል፣ ጨርቁን ይበላዋል፣ እጅሽንም እንዲሁ። ክዳኑ ተከፍቶ ፀሐይ ላይ የከረመ በረኪናም ኃይሉን አጥቷል፣ ሽታው ስላለ ብቻ አትመኚው። የበጠበጥሽውን የዚያኑ ቀን ተጠቅመሽ ድፊው።

መጨረሻ ላይ ፀሐይ ላይ አስጪው፣ ጭርስ ብሎ ይድረቅ። እርጥብ ልብስ አጣጥፎ ቦርሳ ውስጥ መክተት የለፋሽበትን ያበላሻል። ደረቅ ሲሆን ተኩሺው። ካውያ ለማማር ብቻ አይደለም፣ የተረፈ ጀርም ካለ እሱንም ይቀንሳል። ሳፋውን በዚያው በበረኪናው ውኃ አለቅልቂው፣ እጅሽን በሳሙና ታጠቢ፣ ከዚያ ልጅሽን እቀፊያት።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ሰው ቤት ልብስ እያጠብኩ ልጆች የማሳድግ እናት ነኝ። ከማጥብላቸው አንዱ ሐኪም ነው። ልብሱ አንዳንዴ ደም ይነካዋል። በቀደም ደግሞ ኪሱ ውስጥ መርፌ አገኘሁ። ሰውየው ደግ ነው፣ ለመናገር ፈራሁ። በሽታ ይይዘኝ ይሆን? ይህን የጻፈችልኝ ልጄ ናት።

መልስ፦ ልጅዎን አመስግኑልኝ። ከመጡት ደብዳቤዎች ሁሉ ቶሎ መልስ የሚያስፈልገው የእርስዎ ነው።

መርፌው ወግቶዎት ከነበረ ወይም ወደፊት ቢወጋዎት እንዲህ ያድርጉ። ቦታውን ወዲያው በሳሙናና በውኃ ይጠቡት። ደም ይውጣ ብለው አይጭመቁት፣ በረኪናም አያፍስሱበት። ከዚያ ሥራውን ትተው በቀጥታ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒት አለ፣ ግን መጀመር ያለበት በ72 ሰዓት ውስጥ ነው፣ በቶሎ ሲጀመር ደግሞ ይሻላል። «ነገ እሄዳለሁ» አይባልም። ልብሱን አስረክቤ ልሂድም አይባልም።

ካልወጋዎት ይረጋጉ። ደም የነካ ልብስ ማጠብ በራሱ በሽታ ይሰጣል ማለት አይደለም። ደሙ ወደ ሰውነት የሚገባበት ቀዳዳ ይፈልጋል። ግን እጅዎን ይዩት። በየቀኑ በኦሞና በበረኪና የሚነከር እጅ ይሰነጠቃል፣ የጥፍር ዳርም ይቆስላል። ቀዳዳው እሱ ነው። ይበልጥ የማስብልዎት ስለ ጉበት ቫይረስ፣ ሄፓታይተስ ቢ ስለሚባለው ነው። የኤች አይ ቪ ቫይረስ ከሰውነት ውጭ ሲደርቅ ቶሎ ይደክማል። የጉበቱ ግን በደረቀ ደም ውስጥ ቢያንስ ሰባት ቀን መቆየት ይችላል። ደስ የሚለው ክትባት አለው። ጤና ተቋም ሄደው ስለ ሄፓታይተስ ቢ ክትባት ይጠይቁ። አብዛኛውን ጊዜ ለአዋቂ ሦስት ጊዜ የሚሰጥ ነው።

ለሥራው ወፍራም የላስቲክ ጓንት ያስፈልግዎታል፣ ክንድ ድረስ የሚደርሰው። ቀጭኑ የሕክምና ጓንት ሲታሽ ይቀደዳል። ልብሱን ውኃ ውስጥ ከመክተትዎ በፊት ኪሱ ውስጥ እጅ አይክተቱ። ከውጭ በኩል ቀስ ብለው ዳብሱት፣ ጠጠር ያለ ነገር ካለ ኪሱን ከታች ይዘው ገልብጠው ያራግፉ። መርፌ ከወጣ በእጅ አይንኩት፣ ክዳንም አይግጠሙለት። በጠንካራ የፕላስቲክ ጠርሙስ አድርገው ለራሱ ለሐኪሙ ይስጡት። ወስዶ የሚያስወግደው እሱ ነው።

ሐኪሙን መናገር ፈራሁ ላሉት ግን፣ ይህንን ገጽ ያሳዩት። እዚህ ጋ የምጽፈው ለእሱ ነው። ዶክተር፣ አንተ ጓንት ለብሰህ የምትነካውን ደም እኒህ እናት በባዶ እጃቸው እያሹት ነው። ክትባት ወስደሃል፣ እሳቸው አልወሰዱም። መርፌ ቢወጋህ የት መሄድ እንዳለብህ ታውቃለህ፣ እሳቸው አያውቁም ነበር። ጓንቱን ግዛላቸው። ክትባቱን አስከትባቸው፣ ወጪውንም ቻል። ደም የነካውን ልብስ እዚያው ሆስፒታል አስታጥብ፣ ካልሆነም ራስህ በቀዝቃዛ ውኃ አለቅልቀህ በረኪና ውስጥ ካቆየህ በኋላ ስጣቸው። ቤታቸው ልጆች አሉ።

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር ኦፕሬሽን ክፍል ስክራብ ነርስ ነኝ፣ ለቀዶ ሐኪሙ መሣሪያ የማቀብለው እኔ ነኝ። ነጭ ጋውኔና ስክራቤ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ እየወጣ አስቸገረኝ። ደም መስሎኝ በረኪና ጨመርኩበት፣ ባሰበት። የቤታዲን እድፍስ በምን ይለቃል?

መልስ፦ ቡናማው ደም ላይሆን ይችላል። ሳቭሎን ወይም ሌላ ክሎርሄክሲዲን የሚባለው የጀርም ማጥፊያ ያለበት ነገር ትጠቀማላችሁ? ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ከዚያ ነው። ክሎርሄክሲዲን ጨርቅ ላይ አጥብቆ ይቀመጣል፣ ሲታይ ቀለም የለውም። በረኪና ሲያገኘው ግን ሁለቱ ተዋሕደው ቡናማ ይሆናሉ። ለዚህ ነው በረኪና ባበዛሽ ቁጥር የባሰው። ቀለሙ አንዴ ከያዘ ለማስለቀቅ በጣም ከባድ ነው፣ አሁን ያለውን ለማዳን ብዙ ገንዘብ አታፍስሺ።

ከዚህ በኋላ ግን ሳቭሎን የሚነካውን ልብስ በረኪና አታስነኪው። በሙቀት እጠቢው፣ ማንጣት ካስፈለገም ኦክስጅን የሚለቀውን የዱቄት ማንጫ ተጠቀሚ፣ ክሎሪን የሌለበትን። ብዙ ላውንደሪዎች ጥሩ አንሶላ የሚያቃጥሉት ይህን ሳያውቁ ነው። ስለዚህ ለላውንደሪ ሠራተኞቻችሁም ንገሪያቸው፣ እነሱ ላይ ነው ሁሌ የሚጮኸው።

ቤታዲን፣ አዮዲን ያለበት የቁስል ማጽጃ፣ ቀላል ነው። ትኩስ ከሆነ ቀዝቃዛ ውኃና ሳሙና ይበቃዋል። ከደረቀ የቪታሚን ሲ ክኒን ፍጪና በጥቂት ውኃ በጥብጠሽ እድፉ ላይ አፍስሺ። ቀለም የሌለውን ነጩን ክኒን ምረጪ። አዮዲኑ ዓይንሽ እያየ ቀለሙን ያጣል። እየፈዘዘ ይሄድና ጨርቁ ብቻ ይቀራል። ከዚያ በደንብ አለቅልቂው። አሲድ የሆነ ነገር፣ ቪታሚን ሲም ይሁን ሎሚ ወይም ኮምጣጤ፣ ልብሱ ላይ እያለ በረኪና እንዳትጨምሪ። የክሎሪን ጋዝ ይወጣል፣ ሳንባ ይጎዳል። በረኪናና የሽንት ቤት አሲድ አቀላቅሎ ጠባብ መታጠቢያ ቤት ውስጥ መሥራት ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው።

ለደም እድፍ፣ ክሎርሄክሲዲን ቢኖርም ባይኖርም፣ 3 በመቶ ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ጥሩ ነው። አረፋው ሲያቆም በቀዝቃዛ ውኃ አለቅልቂ። ባለ ቀለም ስክራብ ላይ ግን መጀመሪያ በስፌቱ ውስጠኛ ጠርዝ ሞክሪው።

ጥያቄ፦ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው የምኖረው። የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ሲኤንኤ፣ ማለትም ረዳት ነርስ ነኝ። አምስት ስክራብ አለኝ፣ ራሴ የገዛሁት። የማጥበው በሕንጻችን ምድር ቤት ባለው የጋራ ማሽን ነው። ባለቤቴ «ከሌላው ልብስ ጋር አታደባልቂ፣ በሽታ ታመጪብናለሽ» ይላል። «ሆት» ላይ ነው የማደርገው። አይበቃም?

መልስ፦ ባለቤትሽ ለየብቻ መታጠብ አለበት ማለቱ ልክ ነው። የቀረውን ፍርሃት ግን ቀነስ ያድርገው።

«ሆት» የሚለው ቁልፍ ያታልላል። አሜሪካ ውስጥ የብዙ ቤቶች የውኃ ማሞቂያ የሚስተካከለው 120 ፋራናይት ላይ ነው፣ 49 ዲግሪ ሴልሺየስ ማለት ነው። ብዙ ማሽኖች ደግሞ ውኃውን ራሳቸው አያሞቁም፣ የመጣላቸውን ነው የሚቀበሉት። ስለዚህ ሆት ብለሽም 60 ላይ ላትደርሺ ትችያለሽ። ማሽኑ «ሳኒታይዝ» የሚል ካለው እሱን ምረጪ፣ ራሱ ጨምሮ ያሞቃል። ከሌለው የልብሱ ምልክት ከፈቀደ በረኪና፣ ካልፈቀደ ለባለ ቀለም ልብስ የሚሆነውን የኦክስጅን ማንጫ ጨምሪበት። ከዚያ ማድረቂያው ላይ አትቆጥቢ። በከፍተኛ ሙቀት፣ ልብሱ ጭርስ ብሎ እስኪደርቅ። ከፊል እርጥብ ሆኖ አውጥተሽ ወንበር ላይ አትስቀዪው።

የአጭር ጊዜ ማጠቢያውን ተይው። እ.ኤ.አ. በ2025 እንግሊዝ አገር የዴ ሞንትፎርት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ስድስት የቤት ማጠቢያ ማሽኖችን ፈትነው ነበር። በአጭሩ ፕሮግራም ግማሾቹ ልብሱን ከጀርም ማጽዳት አልቻሉም። በመደበኛው ፕሮግራም እንኳ አንድ ሦስተኛው ወደቁ። ማሽኑ ውስጥ ራሱ የጀርም ንጣፍ ይኖራል፣ በተለይ የበሩ ጎማና የሳሙና መክተቻው ላይ። የጋራ ማሽን ስለሆነ ሌሎችም ምን እንዳጠቡበት አታውቂም። ስክራብሽን ከማስገባትሽ በፊት ጎማውን በበረኪና ውኃ በተነከረ ጨርቅ ጥረጊ፣ ካጠብሽም በኋላ ለቀጣዩ ሰው እንዲሁ አድርጊለት። ማሽኑንም አትጠቅጥቂው። ልብሱ ካልተገላበጠ ውኃውም ሳሙናውም ሁሉም ጋ አይደርስም። አምስቱን ስክራብ ብቻ አጥበሽ ማሽኑ ግማሽ ባዶ ቢሄድ ሳንቲሙን አትዘኚበት።

አንድ ነገር ግን እወቂ። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ ያለው የደም ወለድ ተህዋስያን ደንብ የመከላከያ ልብስ ማጠብ የቀጣሪው ግዴታ ነው ይላል፣ ሠራተኛው አይከፍልም፣ ቤት ወስዶም አያጥብም። ተራ ዩኒፎርም ስክራብሽ እንደ መከላከያ አይቆጠርም። ደም ሲነካው ግን ነገሩ ይለያል። የዚያን ቀን ስክራብሽን ቦርሳሽ ውስጥ ጨምረሽ ወደ ቤት አትሂጂ። ሱፐርቫይዘርሽን ጥሪ፣ እነሱ ያስታጥቡት፣ ለጊዜው የምትለብሺውንም ይስጡሽ። «ሰው ነገር አበዛች ይለኛል» ብላችሁ ዝም የምትሉ ስንቶቻችሁ እንደሆናችሁ አውቃለሁ። መብታችሁ ነው።

ጥያቄ፦ አዳማ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፣ ሕክምና አላውቅም። ሆስፒታል አጠገብ ባለ ምግብ ቤት ምሳ ስበላ አረንጓዴ የኦፕሬሽን ልብስ የለበሱ ሐኪሞች አጠገቤ ይቀመጣሉ። ያስፈራል። ለምንስ ነው አረንጓዴ የሆነው?

መልስ፦ ከኋለኛው ልጀምር። ድሮ የኦፕሬሽን ልብስ ነጭ ነበር። በኃይለኛ መብራት ሥር ነጭ ነገር ዓይን ይወጋል። ደግሞ ቀይ ላይ ሲያፈጥ የቆየ ዓይን ነጭ ሲያይ አረንጓዴ ጥላ ይታየዋል፣ ይሰናከላል። አረንጓዴና ሰማያዊ ይህን ያሳርፋሉ። ልማዱ የመጣው በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ነው።

ወደ ፍርሃትዎ ስመጣ፣ ከአጠገብዎ የተቀመጠው ልብስ ምሳዎ ላይ ዘሎ በሽታ አይሰጥዎትም። እንግሊዝ አገር ማስረጃው ሲመረመር የሠራተኛ ዩኒፎርም በቀጥታ ኢንፌክሽን ስለማሰራጨቱ አሳማኝ ማረጋገጫ አልተገኘም። ከልብስ በላይ የሚያስፈራው ያልታጠበ እጅ ነው። ጀርሞቹ ግን ጨርቅ ላይ መኖራቸው ሐሰት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ስታፊሎኮከስን የመሳሰሉ ባክቴሪያዎች የሆስፒታል ጨርቅ ላይ ቢያንስ አንድ ቀን እንደሚቆዩ፣ አንዳንዶቹም ፖሊስተር ላይ ለወራት እንደሚቆዩ አሳይቷል።

ለእኔ ዋናው ነገር ግን የእርስዎ ምሳ ሳይሆን ታካሚው ነው። ያ ሐኪም ከምግብ ቤቱ አቧራና ፍርፋሪ ይዞ ሲመለስ ልብሱን ሳይቀይር ኦፕሬሽን ክፍል ይገባል? ሆድ ተከፍቶ የተኛ ሰው አጠገብ ይቆማል? የኦፕሬሽን ክፍል ስክራብ እዚያ ይለበሳል፣ እዚያ ይወልቃል፣ ከዚያ በር አይወጣም። ይህ ሕግ ሁሉም ቦታ ይታወቃል። የሥራ ባልደረቦቼ፣ ምሳ ሰዓት አጭር መሆኑን አውቃለሁ፣ መቀየሪያ ክፍሉም ጠባብ ነው፣ ሎከርም የለም። ቢሆንም ቀይሩ። ሰው እያየን ነው፣ ደግሞም ፍርሃቱ ልክ ነው።

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ አነስተኛ የቀዶ ሕክምና ማዕከል ልከፍት ነው። ሠራተኞች ስክራባቸውን ቤታቸው ቢያጥቡ ወጪ ይቀንስልኛል ብዬ ነበር። ላውንደሪ ማቋቋም ግድ ነው?

መልስ፦ ወጪው አይቀንስም ጌታዬ፣ ከእርስዎ ኪስ ወጥቶ ወደ ነርሷ ሳፋ ይዛወራል እንጂ። ያውም ወደ ልጇ። የአሜሪካ የኦፕሬሽን ክፍል ነርሶች ማኅበር ስክራብ ቤት ውስጥ እንዳይታጠብ የሚመክረው ዝም ብሎ አይደለም። ቤት ውስጥ ሙቀቱን፣ ደቂቃውን፣ የበረኪናውን መጠን የሚቆጣጠር የለም። አንዷ ትቀቅላለች፣ ሌላዋ በቀዝቃዛ ውኃ አለቅልቃ ታሰጣለች፣ እርስዎ ግን ሁለቱንም ታካሚዎ አጠገብ ያቆማሉ።

ትልቅ ሕንጻ አያስፈልግም። ሁለት ክፍል ይበቃል፣ አንዱ ቆሻሻው የሚገባበት፣ ሌላው ንጹሑ የሚወጣበት። ሁለቱ በአንድ በር አይገናኙ። ለእያንዳንዱ ሠራተኛ ቢያንስ ሦስት ስክራብ ያሰፉ፣ አንዱ ሲለበስ አንዱ ይታጠባል፣ አንዱ መደርደሪያ ላይ ይጠብቃል። ፈረቃ የሚበዛ ከሆነ አራት። ውኃ የሚቋረጥበት ቀን ስለሚኖር ማጠራቀሚያ ታንከር ከአሁኑ ያስቡበት፣ መብራት ሲጠፋ የሚሠራ ጄኔሬተርም እንዲሁ። ውኃ ስለጠፋ ትናንት የተለበሰውን መልሶ ማልበስ አይቻልም። የዚያን ቀን ቀጠሮ የያዘ ቀዶ ሕክምና ይተላለፋል፣ ድንገተኛ ካልሆነ።

የላውንደሪ ሠራተኛዋን አይርሷት። ብዙ ቦታ ደመወዟ ከሁሉም ያነሰ ነው፣ የምትነካው ደግሞ ከሁሉም የባሰውን ነው። ወፍራም ጓንት፣ የፕላስቲክ አፕሮን፣ ቦቲ ጫማ፣ የዓይን መከላከያ ይስጧት። የሄፓታይተስ ቢ ክትባቷን ሥራ ሳትጀምር ይጨርሱላት። መርፌ ቢወጋት ማንን እንደምትጠራ፣ በሌሊትም ቢሆን፣ ግድግዳው ላይ በአማርኛና በምትናገረው ቋንቋ ይለጠፍላት። ከቀዶ ሕክምና ክፍል የሚመጣው ጨርቅ ውስጥ ምላጭና መርፌ እንዳይኖር የመፈተሽ ኃላፊነቱ የነርሶቹ ነው፣ የእሷ አይደለም። ይህንን በጽሑፍ ያስፈርሟቸው።

ማሽኑን ሲገዙ ስለ ኪሎው ብቻ አይጠይቁ። ሻጩ ሁለት ነገር ይመልስልዎት፤ ማሽኑ ውኃውን ራሱ ስንት ዲግሪ ድረስ ያሞቃል፣ እዚያስ ሙቀት ላይ ስንት ደቂቃ ይቆያል? ከ71 በታች ካለ ወይም ደቂቃውን ማስተካከል የማይቻል ከሆነ ሌላ ሱቅ ይሂዱ። እሺ ካለም መልሱን በወረቀት አጽፈው ይቀበሉ፣ የመጀመሪያዋን ዙር ሲያጥብም ቴርሞሜትር ይዘው አጠገቡ ይቁሙ።